የሐጂ ኑግ ዘይትና የተዛነፈው መስክ፦ በደሴ የአንድ ተንቀሳቃሽ ኤን ኤም አር መሣሪያ የጉዳይ ጥናት

የኑግ ዘይት በኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ፣ ባጭሩ በኤን ኤም አር (የአቶም አስኳሎች በማግኔት መስክ ውስጥ በሚሰጡት ሲግናል ንጥረ ነገርን በሚለይ ዘዴ)፣ ሲመረመር ዓይን ቶሎ የሚያርፈው 2.8 ፒፒኤም (በስፔክትረሙ፣ ማለትም በሲግናሉ ሥዕል፣ ላይ ቦታን የሚያሳይ ቁጥር) ላይ በምትቆመው ጉብታ ላይ ነው። ይህችን ጉብታ የሚሰጡት በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል በተቀመጠ ካርቦን ላይ ያሉ ሃይድሮጅኖች ናቸው። እንዲህ ያለው ካርቦን በኑግ ዘይት ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ከስብ አሲዶቹ ሰባ በመቶ የሚሆነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሊኖሌይክ አሲድ ነውና። በፓልም ዘይት ውስጥ ግን የሊኖሌይክ አሲድ ድርሻ አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 4.2 ፒፒኤም አካባቢ ደግሞ ሌላ ጉብታ አለች። እሷ የምትመጣው ስብ አሲዶቹን በሚያስተሳስረው በግሊሰሮሉ ግራና ቀኝ ካሉት አራት ሃይድሮጅኖች ስለሆነ የዘይቱ ዓይነት ቢለያይም እሷ አትለወጥም። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ጉብታ ስፋት ለሁለተኛዋ ማካፈል ብዙ ይናገራል፦ ንጹሕ ኑግ 1.1 አካባቢ፣ ፓልም 0.15 አካባቢ ይሰጣል።

ይህን ስሌት በደሴ እንድንሠራ ምክንያት የሆኑን አንድ የዘይት መጭመቂያ ባለቤት ናቸው። ዘይታቸው ውስጥ ፓልም ይጨመራል የሚል ወሬ ተነሥቶ ደንበኞቻቸው መሸሽ ጀምረው ነበር። የደሴ ብርድ ፓልምን በጀሪካን ውስጥ ስለሚያረጋው ብዙ ቀላቅሎ መደበቅ ይከብዳል። በመጠኑ የተቀላቀለ እንደሆነ ግን በዓይን አይለይም፤ ወሬውም የሚኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሐጂ ዘይታቸውን በጠርሙስ ይዘው መጡና፣ «ልጆቼ፣ ከመጭመቂያዬ ምን እንደሚወጣ እኔ አውቃለሁ። እናንተ ደግሞ መሣሪያችሁ ያለውን ሳትደብቁ ንገሩኝ» አሉን።

መሣሪያው ያለው 0.75 ነበር። ቁጥሩ እንደወረደ ቢወሰድ ከዘይቱ ሲሶ የሚሆነው ፓልም ነው ማለት ነው። ይህን ለሐጂ አልነገርናቸውም። «ሐጂ፣ ጥቂት ይታገሡን፤ መሣሪያው ገና አልተረጋጋም» አልናቸው። ይህን ያልነው ለማጽናናት ሳይሆን የስፔክትረሙ መልክ ራሱ ስላስጠነቀቀን ነው። እያንዳንዱ ጉብታ ከሚገባው በላይ ወፍሮ ነበር፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ረጅም ግርጌ ይጎትት ነበር። የ4.2ቷ ጉብታ በሁለቱም በኩል ባዶ ሜዳ ስላላት ግርጌዋ ወዴትም ቢሄድ ተሰብስቦ ይቆጠርላታል። የ2.8ቷ ግን በቀኟ 2.3 ላይ ሌላ ጎረቤት አላት፤ በ60 ሜጋ ሄርዝ መሣሪያ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 30 ሄርዝ (በሴኮንድ 30 ዙር) ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ የሚፈሰው ግርጌዋ የጎረቤቷ ሆኖ ይቆጠራል፣ የእሷ ድርሻ ይቀንሳል፣ የሐጂ ዘይትም ባልሠራው ጥፋት ይከሰሳል። የሰው እንጀራ በሚወሰንበት ምርመራ የጉብታ ግርጌ የውበት ጉዳይ አይደለም።

ጉብታው ለምን ይወፍራል

ፕሮቶን፣ ማለትም የሃይድሮጅን አስኳል፣ በአንድ ቴስላ (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) መስክ ውስጥ በሴኮንድ 42.58 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። የእኛ መሣሪያ ማግኔት 1.4 ቴስላ ስለሆነ ፕሮቶኖቹ በ60 ሜጋ ሄርዝ አካባቢ ይዞራሉ። ናሙናውን በያዘው ቱቦ ውስጥ ያሉ አንድ ዓይነት ፕሮቶኖች ሁሉ አንድ ፍሪኩዌንሲ ሊሰጡ የሚችሉት ሁሉም አንድ ዓይነት መስክ ሲያገኙ ነው። የላይኛው ጠብታ ከታችኛው ትንሽ የበለጠ መስክ ካገኘ የፍሪኩዌንሲው ልዩነት ተደማምሮ ጉብታውን ያሰፋዋል። ምን ያህል ወጥ መሆን እንዳለበት በስሌት ማየት ይቻላል፦ የግማሽ ሄርዝ ወርድ ለማግኘት መስኩ በናሙናው ውስጥ ከቦታ ቦታ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ መለያየት የለበትም።

በትልልቆቹ መሣሪያዎች ይህን ሸክም የሚይዘው በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት የሚያስተላልፍ ሽቦ፣ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ግን የተሠሩት ከቋሚ ማግኔት ጡቦች ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት ክላውስ ሃልባክ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሥራ የታወቀውን አደራደር ነው፤ ጡቦቹ በቀለበት ይሰደሩና አቅጣጫቸው ደረጃ በደረጃ እየዞረ መስኩን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ያሳንሰዋል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ጡቦቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ጡቦች በጥንካሬ እስከ አንድ በመቶ ሊለያዩ ይችላሉ። ከአንድ በመቶ ተነሥቶ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ መድረስ ነው እንግዲህ ሥራው። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን አኸን የሚገኙ ተመራማሪዎች በቀለበቶቹ መካከል የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ የማግኔት ቁራጮችን በማስገባት የጡቦቹን ጉድለት በሜካኒካዊ መንገድ ማረም እንደሚቻል አሳዩ። ፋብሪካው ይህን ካስተካከለ በኋላ የቀረውን ጥቃቅን መዛነፍ ተጠቃሚው በኤሌክትሪክ ያርመዋል። በቱቦው ዙሪያ በተዘረጉ ቀጫጭን የሽቦ ጥቅሎች ውስጥ የሚያልፍ ትንሽ ኤሌክትሪክ የራሱን መስክ ይፈጥራል፤ የአንዱ ጥቅል መስክ ከታች ወደ ላይ እየጨመረ የሚሄድ ተዳፋት፣ የሌላው እንደ ቀስት የጎበጠ፣ የሌላው ደግሞ በሰያፍ የተጠማዘዘ ቅርጽ አለው። የዚህ ዘዴ መሠረት የተጣለው ማርሴል ጎላይ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ዌስተን አንደርሰን ደግሞ በ1961 ባወጧቸው ጽሑፎች ነው። በሙያው ሺም የሚባለው ይህ ነው።

አብዛኛው ተጠቃሚ ጉብታው ሲወፍር በቀጥታ ወደ ሺም ይሮጣል። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ስለሆነ ያጓጓል። በዚህ ጉዳይ ላይ የያዝነው አቋም ሌላ ነበር፤ አሁንም ያው ነው። የሽቦ ጥቅሎቹ ማረም የሚችሉት የሚያውቁትን ቅርጽ፣ ያውም በቦታው ረግቶ የሚቆየውን ብቻ ነው። መዛነፉ በሰዓት የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ወይም ከናሙናው የመጣ ከሆነ፣ ወይም ቅርጹ ለጥቅሎቹ የማይደረስ ከሆነ፣ ሺም ጥፋቱን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም። ስለዚህ አስቀድሞ መዛነፉ ከየት እንደመጣ መለየት ነበረበት።

ብርዱና መብራቱ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ዝቅ ብላ የምትገኘውን ኮምቦልቻን በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ በአየር ጠባይ ግን ሌላ አገር ነው። ወቅቱ ኅዳር ስለነበር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ በመስኮት ትገባለች። መሣሪያው ማግኔቱን ከክፍሉ ሙቀት ከፍ አድርጎ የሚይዝ የራሱ ማሞቂያ አለው። መብራት ሲጠፋ ግን ማሞቂያውም ይጠፋል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ በመንገድ ላይ ያረፈበት ነበር። መሣሪያው ከአዲስ አበባ በመኪና ጣርማ በርን ተሻግሮ ነው የመጣው፤ ጡቦቹ ተናግተው ቢሆንስ? ጥርጣሬው የወደቀው የጉብታው ወርድ ጠዋትና ማታ አንድ አለመሆኑን ስናይ ነው። የተናጋ ጡብ በሰዓት አይለዋወጥም። ስለዚህ አሥር በመቶ ውሃና ዘጠና በመቶ ከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ በዲዩትሪየም፣ በከባዱ የሃይድሮጅን ዓይነት፣ የተተካ ውሃ) የያዘ የታሸገ ቱቦ አስገብተን፣ ምንም ሳንነካ፣ መሣሪያው በየጥቂት ደቂቃው ሲግናል እንዲወስድ ተውነው። መብራት ከጠፋ በኋላ በተመለሰባት ሌሊት የተመዘገበው ሁሉን ግልጽ አደረገው። የውሃው ጉብታ ለብዙ ሰዓታት በአንድ አቅጣጫ ተጓዘ፤ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ እየዘገየ። ወርዱም አብሮ ይወርድ ነበር፤ ሲጀምር ዘጠኝ ሄርዝ ገደማ ሆኖ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አራት ገደማ ደረሰ፤ ከዚያ በታች ግን አልሄደም።

ምክንያቱ በማግኔቱ ባሕርይ ውስጥ ነው። መሣሪያው የተሠራበት የኒዮዲሚየም፣ የብረትና የቦሮን ማግኔት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ጥንካሬው በ0.11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በ60 ሜጋ ሄርዝ ሲሰላ ይህ ወደ 66,000 ሄርዝ ይሆናል። የአንድ ዲግሪ አንድ ሺህኛ እንኳ ጉብታውን 66 ሄርዝ ያንቀሳቅሰዋል፤ ከአንድ ፒፒኤም በላይ ማለት ነው። መላው ማግኔት እኩል ቢሞቅና እኩል ቢቀዘቅዝ ጉዳቱ የቦታ ለውጥ ብቻ በሆነ፤ ይህን በተለመደው ልኬት ጊዜ መሣሪያው ራሱ እየተከታተለ ያርመዋል። ችግሩ እኩል አለመሆኑ ነው። የመሣሪያው አንድ ጎን ወደ መስኮቱ ይዞር ስለነበር፣ በዚያ በኩል ያሉት ጡቦች ቀድመው ይቀዘቅዙና ይጠነክራሉ፤ መስኩም ከመስኮቱ በኩል ወደ ግድግዳው በኩል ተዳፋት ይሠራል። ተዳፋቱን በሺም ማቃናት ይቻላል፤ ግን በጠዋት የተቃናው በቀትር ተመልሶ ይጣመማል።

መፍትሔውን ያበጁልን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያችን ናቸው። ዕድሜ የጠገቡ፣ እጃቸው የማያርፍ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ማሞቂያው የሚፈልገው ኃይል ትንሽ መሆኑን ለክተው፣ ማሞቂያውን ከኮምፒውተሩ ለይተው በራሱ ባትሪ ላይ አዋሉት፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ግድ የለም፣ ማግኔቱ ግን ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ቀጥለው መሣሪያውን ከመስኮቱ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወሩትና በወፍራም ፎም የተሠራ፣ ከላይ ብቻ ለቱቦው የሚከፈት ሣጥን ሠሩለት። «የሚያሞቀው ማሞቂያው ነው፤ የእኔ ሣጥን ብርዱ በአንድ ጎን እንዳይመታው ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ልክ ናቸው። የሚፈለገው ሙቀት ሳይሆን እኩልነት ነው።

ከዚህ በኋላ በመሣሪያው ላይ የጸናው ደንብ ይህ ነው፦ መብራት ጠፍቶ ባትሪውም ካለቀ፣ ማግኔቱ የሙቀት ዕረፍቱን እስኪያገኝ፣ ማለትም ጉብታው መጓዙን እስኪያቆም ድረስ፣ ማንም ሰው ሺም አይነካም። ሥራ የቸኮለበት ተማሪ ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። ቢሆንም ከዚህ ደንብ የተሻለ አላገኘንም።

የብረት በርና የምድር መስክ

በዚህ መሐል የቀረቡ ሌሎች ጥርጣሬዎችም ነበሩ። የክፍሉ በር ብረት ነው፤ ሲከፈትና ሲዘጋ ጉብታው ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ወርዱ ግን አይለወጥም። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ መታየት አለበት፦ ራቅ ያለ ብረት መስኩን ባጠቃላይ ይቀይረዋል እንጂ በአምስት ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ከጎን ጎን አያለያየውም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ መስኩን ያዛንፈው ይሆን ያለም ነበር። ወገቡ በእርግጥ ያልፋል፤ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻው የተቋቋመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ነገር ግን የምድር መስክ በአገራችን 36 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ነው፣ በቱቦው ርዝመት ውስጥም ፍጹም ወጥ ነው ማለት ይቻላል። ከበሩም ከወገቡም ላይ ክሱን አነሣን።

አራት ሄርዝ ላይ የቆመው

ከሙቀት ዕረፍት በኋላ የቀረው የአራት ሄርዝ ወርድና የቀኙ ግርጌ ከሁለት ቦታ የመጣ ነበር።

አንዱ ከናሙናው ነው፤ ለማረምም ቀላሉ እሱ ነበር። ዘይትና መሟሟቻ ለመቆጠብ ሲባል ቱቦዎቹ በጣም አጥረው ይሞሉ ነበር። ፈሳሽና አየር በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም፤ ውሃ መስኩን በጥቂቱ ይገፋል፣ አየር ግን በውስጡ ባለው ኦክስጅን ምክንያት በጣም በጥቂቱ ይስባል። የሁለቱ ልዩነት ከሚሊዮን ዘጠኝ እጅ ያህል ነው። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ ነው። የፈሳሹ ጠርዝ ሲግናል ወደሚቀበለው ጥቅል ከተጠጋ የዚያ ጠርዝ መዛነፍ በሙሉ ወደ ጉብታው ይገባል። ሺም ሲደረግበት ለዚያ ቱቦ ብቻ ይስተካከልና ቀጣዩ ቱቦ በሌላ ከፍታ ሲሞላ ሁሉም ይበላሻል። ቱቦው ቢያንስ አራት ሴንቲ ሜትር እንዲሞላ፣ ለሁሉም አንድ ከፍታ እንዲሆን ተደረገ።

ሁለተኛው ብዙ አደከመ። ግርጌው ወደ አንድ ጎን ብቻ መጎተቱ ራሱ ፍንጭ ነው። መስኩ ከታች ወደ ላይ በተዳፋት ሲለያይ፣ ወይም እንደ ተዳፋቱ ሁሉ በአንዱ ጫፍ የጨመረውን ያህል በሌላው ሲቀንስ፣ ጉብታው በሁለቱም በኩል እኩል ይሰፋል። እንደ ቀስት ሲጎብጥ ግን ሁለቱም ጫፎች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያፈነግጡ ግርጌው በአንድ በኩል ይወጣል። የጉብጠቱ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር ግርጌው ወደ ታች፣ ወደ ጉብታው መሠረት ይወርዳል። የእኛው ግርጌ በጣም ዝቅ ያለና የረዘመ ነበር፤ ይህም ከጥቅሎቻችን አቅም በላይ የሆነ፣ በአንድ ጠባብ ቦታ የተወሰነ መዛነፍ እንዳለ ይጠቁማል።

ቱቦውን በቦታው እንዳለ አዞርነው፤ ግርጌው አልተለወጠም። ቱቦውን ቀየርነው፤ አልተለወጠም። እንግዲያው ጥፋቱ ከቱቦው ጋር አይዞርም፤ ያለው በማግኔቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቦታውን ለማግኘት የመስኩን ካርታ በእጅ አነሣን። በቱቦ ውስጥ በሁለት የፕላስቲክ ውታፎች መካከል የታሰረ አጭር የውሃ ዓምድ አዘጋጅተን፣ ጥቂት በጥቂት ከፍ እያደረግን በየከፍታው የጉብታውን ቦታ መዘገብን። ከዚያም በመጣንበት መንገድ ወደ ታች ተመለስን፤ የሙቀቱ ጉዞ ቁጥሩን እንዳያሳስተው የመውጫውና የመውረጃው አማካይ መወሰድ አለበት። ነጥቦቹ በወረቀት ላይ ሲቀመጡ ለስላሳ ቀስት መሥራት ሲገባቸው ከመሐል ትንሽ ከፍ ብሎ በድንገት ተሰበሩና እንደገና ተመለሱ። ጡብ እንዲህ አያደርግም። ጡብ ከቱቦው ራቅ ያለ ስለሆነ የእሱ ጥፋት ሁልጊዜ ለስላሳ ሆኖ ነው የሚደርሰው። በጠባብ ቦታ የተሰበረ መስመር የሚመጣው እዚያው አጠገብ ካለ ነገር ነው።

ቋሚ ማግኔት ስለማይጠፋ ብረት ነክ ነገር ወደ ጉድጓዱ ማስገባት አይቻልም። ጋሼ በፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ ነጭ የሚለጠፍ ፕላስተር ጠቅልለው፣ ካርታው ባሳየው ከፍታ ላይ የጉድጓዱን ግድግዳ ቀስ ብለው ዳሰሱ። ሲወጣ ፕላስተሩ ላይ በባዶ ዓይን ምንም አይታይም ነበር። በማጉያ መነጽር ግን አንዲት ጥቁር ቅንጣት ታየች፤ ከፕላስተሩ ጀርባ ትንሽ ማግኔት ሲጠጋ ሙጫው ውስጥ እንዳለች ተንቀሳቀሰች። ብረት ናት። ከየት እንደመጣች ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም፦ ከመንገዱ ማዶ የብረታ ብረት ብየዳ ቤት አለ፣ የታጠቡ ቱቦዎች ደግሞ እንዲደርቁ የሚሰደሩት በመስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። ብናኙ ቱቦው ላይ ያርፋል፣ ቱቦው ወደ ጉድጓዱ ይዞት ይገባል፣ ማግኔቱም ይዞ ያስቀረዋል። ዛሬ ቱቦዎቹ የሚደርቁት በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከመግባታቸው በፊትም ብናኝ በማይተው ለስላሳ ወረቀት ይወለወላሉ።

ካርታው እንደገና ሲነሣ ስብራቱ ጠፍቶ ነበር። የቀረው አንድ ለስላሳ ቀስት ነው፤ ይህ ደግሞ ሺም የሚያውቀው ቅርጽ ነው።

ሺም፣ በተራው

የቀረው ሥራ ከጠበቅነው ፈጠነ። ከፋብሪካው ከመጣው የተቀመጠ ፋይል ተነሣን፤ ከባዶ መጀመር ያለ ምክንያት መቸገር ነው። መጀመሪያ ሦስቱ ተዳፋቶች፣ ኤክስ፣ ዋይና ዜድ የሚባሉት፣ ከዚያ የሁለተኛ ደረጃዎቹ ጉብጠቶች፣ ከዚያ ተመልሶ እንደገና ተዳፋቶቹ። መመለሱ የግድ ነው፤ የክራር አንዱን ክር ሲያጠብቁት ሌላው እንደሚላላ ሁሉ የአንዱ ጥቅል ለውጥ የሌላውን ትክክለኛ ቦታ ያንቀሳቅሳልና፣ ቅኝቱ የሚገኘው በመመላለስ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን የሚሠራው ኔልደርና ሚድ እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት የሲምፕሌክስ ዘዴ ሲሆን፣ ጥቂት የሙከራ ነጥቦችን ይዞ መጥፎውን እየጣለ ወደ ተሻለው ይጓዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ፕሮግራሙ የሚመራው በምን መለኪያ ነው? የተለመደው ሲግናሉ ሳይሞት የሚቆይበትን ጊዜ ማስረዘም ነው። የስምንት ሄርዝ ወርድ ያለው ሲግናል በ0.04 ሴኮንድ፣ የአንድ ሄርዙ በ0.32 ሴኮንድ አካባቢ ወደ ሲሶው ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ ረጅም ሲግናል ማለት ቀጭን ጉብታ ማለት ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ የጉብታውን ጫፍ አሹሎ ግርጌውን እንደሰፋ ሊተወው ይችላል፤ በግማሽ ከፍታ የሚለካው ወርድም ያማረ ቁጥር ያሳያል። እንደ እኛ ስፋትን ለሚቆጥር ሰው ይህ የሚያታልል ነው። ስለዚህ በአሴቶን ውስጥ በቀጠነ ክሎሮፎርም ላይ በግማሽ ከፍታ ብቻ ሳይሆን በ0.55 በመቶ ከፍታም ወርዱን እንለካለን። ይህ ከፍታ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ከክሎሮፎርሙ ጉብታ ግራና ቀኝ በካርቦን 13 (ከተለመደው ጥቂት በሚከብደው የካርቦን ዓይነት) ምክንያት የሚወጡት ትንንሽ ጉብታዎች የሚደርሱበት ከፍታ ነው። በኔ እምነት ዘይት የሚመረምር ቤተ ሙከራ በየሳምንቱ መመዝገብ ያለበት ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በጥቅሎቹ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ራሱ ያሞቃል። የኤሌክትሪኩ መጠን በብዙ ከተለወጠ ማግኔቱ እንደገና ጉዞ ስለሚጀምር፣ ከትልቅ ለውጥ በኋላ ማሳረፍ ያስፈልጋል። በመጨረሻ የውሃው ጉብታ በግማሽ ከፍታ ከአንድ ሄርዝ በታች ወረደ፣ የቀኙ ግርጌም ከግራው ጋር ተመጣጠነ።

ወደ ዘይቱ

ያልተሟሟ ዘይት ወፍራም ፈሳሽ ስለሆነ ሞለኪዩሎቹ ቀስ ብለው ነው የሚገላበጡት፤ በዚህም መስኩ ምንም ያህል ቢስተካከል ጉብታዎቹ ይወፍራሉ። ውሃው ቀጭን ሆኖ ዘይቱ ከወፈረ ጥፋቱ የማግኔቱ አይደለም። ስለዚህ ዘይቱ በክሎሮፎርም መሟሟት አለበት። የራሱን ጉብታ የማይሰጠው ዲዩትሪየም ያለው ክሎሮፎርም ውድ ነው። መሣሪያው መስኩን የሚከታተለው በራሱ ውስጣዊ ናሙና ስለሆነ ተራውን መጠቀም ይቻላል፤ ዋናው ጉብታ 7.26 ላይ፣ ከምንፈልገው ርቆ ይቆማልና። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል፦ በ60 ሜጋ ሄርዝ ከካርቦን 13 ጉብታዎቹ አንዱ 5.5 ፒፒኤም አካባቢ ያርፋል፤ እዚያ አጠገብ 5.3 ላይ የድርብ ትስስሮቹ ጉብታ አለ። በተራ ክሎሮፎርም የሚሠራ ሰው የ5.3ቷን ጉብታ ለስሌት ባይጠቀም ይሻላል። እኛም 4.2ን የመረጥነው በከፊል ለዚህ ነው።

የሐጂ ዘይት እንደገና ተለካ። በ2.8ና በ2.3 መካከል ያለው ሸለቆ ወደ መሠረቱ ወርዶ ነበር፤ ንጽጽሩም 1.1 አካባቢ ሰጠ። አብረን፣ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ በመጠን የቀላቀልናቸውን የኑግና የፓልም ናሙናዎች ለካን፤ ፓልሙ በጨመረ ቁጥር ንጽጽሩ በቀጥተኛ መስመር ወረደ። የሐጂ ዘይት ከዚህ መስመር ላይኛው ጫፍ፣ ከንጹሑ ኑግ ጋር ቆመ። ውጤቱን ከመስመሩ ጋር በአንድ ወረቀት አትመን ሰጠናቸው።

ሐጂ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «ሱፍ የቀላቀለብኝ ሰው ቢኖር ይህ ያጋልጠዋል?» ብለው ጠየቁን። አያጋልጥም። ሱፍም እንደ ኑግ ከፍተኛ ሊኖሌይክ አሲድ ስላለው ሁለቱ በዚህ ንጽጽር አይለያዩም፤ መስኩ ከዚህ በላይ ቢስተካከልም የሚለያያቸው ነገር በእነዚህ ሁለት ጉብታዎች ውስጥ የለም። ያንን ለማወቅ በዘይቱ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን የሚለይ ምርመራ ያስፈልጋል። ይህንኑ በወረቀቱ ግርጌ ጻፍንበት፦ «ይህ ውጤት ፓልም አለመቀላቀሉን ያሳያል፤ ስለ ሱፍ አይናገርም።»